አራት ስትሮ የብሬቶን ዘር

ሰኞ

አምስት ጣት ቀርቷል። መለኪያ ዘንጉን ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ውስጥ ነክሬ አወጣሁት፤ ውርጭ የያዘው አምስት ጣት ብቻ ነው። የዛሬ ሳምንት ዘጠኝ ነበር። ኮንቴነሩ አርጅቷል፣ ናይትሮጅኑን ይጠጣዋል መሰለኝ። የሚሞላልን መኪና ባለፈው ዓርብ ከሆለታ መምጣት ነበረበት። በተቃውሞው ምክንያት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ከቡራዩ መውጣትም መግባትም የለም።

ውስጡ ያለው በአራት ስትሮ፣ በቀጫጭን ቱቦ፣ የታሸገ የኮርማ ዘር ነው፤ እያንዳንዷ ከእስክሪብቶ ቀለም አትወፍርም። የሚያቀዘቅዛቸው ናይትሮጅን ካለቀ ይሞታሉ። የብሬቶን ኮርማችን ከሞተ ወዲህ ከእሱ የተረፈው ይኸው ነው። የእርሻው ባለቤት ማዳም እነዚህን ትንንሽ ጥቁርና ነጭ ከብቶች ከፈረንሳይ ስታመጣ "በአገራችንም እየጠፉ ነው፣ እዚህ እናትርፋቸው" ብላኝ ነበር። አሁን ሁለት አሮጊት ላሞችና ጊደሯ ሮዝ ቀሩ። አሮጊቶቹ አይወልዱም። ሌላ ዘር ለማስገባት ፈቃድ ጠይቀን ዛሬ ነገ እየተባልን ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ሮዝ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ኮርማ የሚባል ነገር መኖሩንም የረሳች ትመስላለች።

ማክሰኞ

አራት ጣት።

ኦቦ ቶለሳ በጠዋት በር ድረስ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ግቢው ራሱ ለኢንቨስትመንት ተብሎ እስኪወሰድ የእርሳቸው ማሳ ነበር። ላማቸው ኮርማ ፈልጋለች። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ኮርማስ እኔም አለኝ፤ ግን ከፈረንጁ ዘር አንዷን ብታዳቅይልኝ? ጠንካሮች ናቸው ሲሉ እሰማለሁ" አሉኝ። የማዳም ትእዛዝ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ለንጹህ ዘር ብቻ ይላል። "ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያለን አራት ብቻ ነው፣ ማባከን አልችልም" አልኳቸው።

ማባከን! አፌን በቆረጠው። ሰውዬው እኮ ልጃቸው ከተቃውሞ ሰልፉ ተይዞ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ስንቁን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ፖሊስ ጣቢያ እየሄዱ ነበር። "እሺ፣ ይሁን" ብለው ሄዱ። ምሳ አልበላልኝ አለ። ግን ደንብ ደንብ ነው።

ረቡዕ

ሁለት ጣት ተኩል።

ተኩስ ሲሰማ ዋለ። ጭሱ እዚህ ድረስ ዓይን ያቃጥላል። ማዳም አገሯ ናት፣ የምናገኛት በኢሜል ነው፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለም። ሆለታ ናይትሮጅን የሚሞላልን ሰው ጋ ደወልኩ። ሰውዬው "መኪና አልልክም፣ ያቃጥሉብኛል። ራስሽ ካመጣሽው እሞላልሻለሁ" አለ። ነገ ጎህ ሲቀድ በባጃጅ እሄዳለሁ። ጌታ ሆይ፣ አደራህን።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ከባለባጃጁ ጋር ተነሳን።

ድንጋይ የደረደሩት ልጆች አሳለፉን። በኦሮምኛ "የከብት ነው" አልኳቸው፣ በቃ። ያስቆመን ከዚያ ወዲያ ያለው ኬላ ነው። ወታደሩ "ክፈቺው!" አለ። "አይሆንም ወንድሜ፣ ክፍት ከቆየ ይሞታል" አልኩት። ምን ዓይነት ጅል ነኝ! በዚህ ሰሞን ለወታደር እንዲህ ይባላል? "ማነው የሚሞተው?" አለና ክዳኑን ራሱ ነቀለው። ነጩ ጭስ ቡን ብሎ ወጣ። አንዱ "ቦምብ!" ብሎ ጮኸ፤ ኮንቴነሩን በርግጫ ገለበጡት፣ እኔንና ባለባጃጁን አስፋልቱ ላይ በደረታችን አስተኙን።

ጉንጬ መሬት ላይ ሆኖ ናይትሮጅኑ ፈስሶ፣ ተንኖ ሲያልቅ አየሁ። ስትሮዎቹ ፀሐይ ላይ ተበተኑ። "ቶሎ መልሱልኝ!" ስል "ዝም በይ!" አሉኝ።

በኋላ ነገሩ ሲገባቸው አንዱ ወታደር አራቱንም ለቅሞ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "እኛም ቤት ከብት አለ፣ እህቴ። አላወቅንም" አለ። ለብ ብለዋል። አለቀ።

ዓርብ

ዛሬ ዘንጉን አልነከርኩም። ምን ልለካ?

ማክሰኞ ለኦቦ ቶለሳ ላም አንዷን ሰጥቼ ቢሆን፣ ዘሩ በግማሽም ቢሆን ይተርፍ ነበር። ጠባቂ ነኝ እያልኩ ጨረስኩት። ሄጄ ነገርኳቸው። "ደግ አደረገሽ" ይሉኛል ብዬ ነበር። "አይ ኢንተለ ኮ" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ጣቢያው "እዚህ የለም" ብሏቸዋል፤ ወዴት እንደተወሰደ የሚነግራቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ስለ ከብት ማውራት አፈርኩ።

ቅዳሜ

ጉድ እኮ ነው። ሮዝ ዛሬ ጠዋት ኮርማ ፈለገች! አሮጊቶቹ ላይ ትወጣለች፣ ትጮኻለች። ሐሙስ ባልሄድ ኖሮ ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ይቆይልኝ ነበር ይሆን? ማሰብ አልፈልግም። በረቱ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጩኸቷን ሰምተው ኦቦ ቶለሳ ኮርማቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ። "የእኔ ንጹህ አይደለም። ዘራችሁን ያበላሻል ካልሽ እመለሳለሁ" አሉ። የማዳምን ትእዛዝ ግድግዳው ላይ አየሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ትፈልጋለች፤ ያኔስ በምን አዳቅላታለሁ? ግቢውስ እስከዚያ ይኖራል? ሰበታ በኩል እርሻ ተቃጠለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

"ከወለደች ጥጃው የእርስዎ ነው" አልኳቸው። ሥልጣኑ የለኝም፣ ግን አልኩት።

"መጀመሪያ ትውለድ" አሉ።

በሩን ከፈትኩ። አልገቡም። ለካ መሬቱ ከተወሰደባቸው ወዲህ አንድም ቀን ከዚህ በር አልፈው አያውቁም። "ይግቡ፣ ኦቦ" አልኳቸው። ኮርማውን አስቀድመው ገቡ።