ከለሊሳ ጎን፦ የወይዘሮ ወለተኢየሱስ (ኤልፍሪዴ) ሄርማን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሄርማን ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚጀምሩት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ በበር በኩል ከሰሙት የአባትና የእናታቸው ንግግር ነበር። ንግግሩ በጀርመንኛ ነው፤ ግማሹንም ረስተውታል። «አባቴ ‹እነዚህ ሰዎች አያምኑንም› ሲል ሰምቻለሁ። እናቴ ‹እኛስ አምነናቸዋል?› ያለች ይመስለኛል። ወይም እኔ ነኝ የጨመርኩባት» ይሉና ይስቁ ነበር።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ፣ በወላጆቻቸው አጠራር ኤልፍሪዴ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሄርማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎተ በ1948 ዓ.ም. በባሌ፣ ከሮቤ ወደ ዲንሾ በሚወስደው መንገድ፣ ሻያ ወንዝ ዳር ተወለዱ። አባታቸው ከጀርመን አገር የመጡት የውሃ ወፍጮ ሊተክሉ ነበር። ወፍጮው ከቆመ በኋላ አገሩን ወደዱት፤ ገብስና ድንች እየዘሩ በዚያው ቀሩ።

ጎረቤት ግን በጥርጣሬ ዓይን ነበር የሚያያቸው። አቶ ሄርማን ጎተራቸውን በቁልፍ ይቆልፋሉ። በዚያ አገር ጎተራ የሚቆልፍ ሰው አልነበረምና «ሌባ ናችሁ ማለቱ ነው፣ ወይስ የሚደብቀው ነገር አለ?» ይባል ጀመር። ከሁሉም የከፋው ግን በበሬ ፋንታ በፈረስ ማረሳቸው ነበር። በባሌ ፈረስ የክብር ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ ተሸልሞ ይወጣል እንጂ ቀንበር አይጫንበትም። አቶ ሄርማን በአገራቸው ልማድ ፈረስ ሲጠምዱ ያየ ሽማግሌ ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ ለደቦ ቢጠሩም የሚመጣላቸው ጠፋ።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል በሮቤ፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ደግሞ በጎባ ተከታተሉ። ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ተማሩ። በሦስቱም ቋንቋ ይቀልዱ ነበር፤ ሲቆጡ ግን በጀርመንኛ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ልጆቻቸው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ።

በሚያዝያ ወር 1967 ዓ.ም. የአካባቢው ገበሬ የሆኑትን አቶ ለሊሳ ዳቢሴን አገቡ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ሸዋርጋ «ልጄ፣ ቁልፍ የለመደች ሴት ምን ትሆንሃለች?» ብለው ተቃውመው ነበር። የሙሽራው ታላቅ ወንድም አቶ ጉሉማ ዳቢሴ ግን ከጎናቸው ቆሙ። ሙሽራይቱ ከሠርጉ በፊት በሰፈሩ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቁና ወለተኢየሱስ ሲባሉ አቶ ጉሉማ በቦታው ነበሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ማርያምም የክርስትና እናት ሆኑ። ለሠርጉ አቶ ጉሉማ የሚወዱትን ዳማ ፈረስ ለወንድማቸው በስጦታ ሰጡ።

በዚያው ዓመት መሬት የመንግሥት ሆነ፤ አቶ ሄርማንና ወይዘሮ ሎተም በ1968 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጃቸው ቀሩ። ባል ስላላቸው ነው የቀሩት ብሎ የሚያምን ግን አልተገኘም። «ወርቅ ቀብረው፣ ጠባቂ ትተው ሄዱ» ተባለ። ወፍጮው ሥር የቆፈሩ ሰዎችም ነበሩ፤ ያገኙት ዝገት የበላው ጥርሳም ብረት ነው። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ያው ነበሩ። እርጎ ይዞ የመጣ ጎረቤት ገና ከበር ሳይወጣ «ምን ፈልጎ ነው?» ይላሉ፤ በራቸውንም በቀን ይቀረቅሩ ነበር። ወይዘሮ ሸዋርጋ አንድ ቀን ምራታቸው እንደ እናታቸው በበርሜል በጨው ያኖሩትን ጎመን ከፍተው አሽትተው «ይሄማ መድኃኒት ነው!» ብለው ሮጡ። በዓቢይ ጾም ግን ቀስ ብለው ተመልሰው «እስቲ ከዚያ መድኃኒትሽ ጥቂት ስጪኝ» አሉ። እስኪሞቱም ድረስ ከምራታቸው ጋር ኖሩ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሆነ፤ በሬዎቻቸውም አለቁ። ዝናብ ሲመጣ የሚጠመድ አልነበረም፤ የዘር ወቅት ደግሞ እያለፈ ነው። አንድ ጠዋት አቶ ጉሉማ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ማሳው ታርሶ፣ የዳማው ፈረስ ትከሻ በቀንበር ተልጦ አገኙት።

«ማነው ይህን ያደረገ?» አሉ።

አቶ ለሊሳ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ናቸው የመለሱት፦ «እኔ ነኝ፣ ኦቦ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያርሰው።»

«እንግዲያው ይህን ቤት ከዛሬ ጀምሮ አልረግጥም!»

አልረገጡም። ከወንድማቸው ጋር ገበያ ላይ እየተገናኙ ይጫወቱ፣ በዓል በራሳቸው ቤት አብረው ይውሉ ነበር። አቶ ለሊሳ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ቀብረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ለቅሶውንም እዚያው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ መሬቱን ከልጃቸው ከሶረቲ ጋር እያረሱ ኖሩ። ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አገኛቸው፤ በዚህ ወር በጎባ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ልጆቻቸውን ጠርተው «ከለሊሳ ጎን አድርጉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም» አሉ።

ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤተሰቡ ስለ ቀብሩ ቦታ ስንጠይቅ የሰበካ ጉባኤው አባላት ተጠራጠሩ። «ቤታቸው የሚጸልዩት በጀርመንኛ ነው ይባላል። መጠመቃቸውን ያየ አለ?» አሉን። ያጠመቋቸው ካህን አርፈዋል፤ የክርስትና እናታቸውም እንደዚሁ። ያየ ቢኖር አቶ ጉሉማ ብቻ ናቸው። የወይዘሮ ወለተኢየሱስ ልጅ ባዳሳ ደጋግሞ ቢለምናቸውም «የሰው ሃይማኖት እኔ ምን አውቃለሁ?» ከማለት አላለፉም።

ይህን የሰሙት የሮቤው ባለ ሱቅ አቶ ዘይነዲን ወደ አቶ ጉሉማ ሄዱ። በዚያ በድርቁ ዘመን ገብስ ፍለጋ በማሳው በኩል አልፈው ነበር። «ወላሂ፣ ኦቦ ጉሉማ፣ ሞፈሩን ይዞ ያየሁት ለሊሳን ነው። እሷ እያለቀሰች ‹ተው፣ የወንድምህ ስጦታ ነው› ትለው ነበር» አሏቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ? ለእኔ ፈረስም ያርስ በሬ፣ ገብስ ገብስ ነው።»

አቶ ጉሉማ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ጎባ መጡ። ሶረቲና እኔ፣ ባለቤቷ፣ አልጋው አጠገብ ነበርን።

«ፈረሱን የጠመደው ለሊሳ ነው፣ አይደል?» አሉ ሳይቀመጡ።

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ።»

«ዘይነዲን አይቷል።»

«ዘይነዲን ያኔም መነጽር ያስፈልገው ነበር።»

አቶ ጉሉማ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ለምን፣ እህቴ? ለምን በራስሽ ላይ አደረግሽው?»

«እኔንማ ድሮም አታምኑኝም ነበር። እሱ ግን ከእርስዎ ሌላ ወንድም አልነበረውም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይህ በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ ያዘዙት አቶ ጉሉማ ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ አቶ ጉሉማ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቀርበው «በዓይኔ አይቻለሁ፤ ተጠምቃለች። የተጠራጠረ እኔን ይጠይቅ» ብለው መሰከሩ። ስለዚህ ዛሬ ሐሙስ ከባለቤታቸው ከአቶ ለሊሳ ዳቢሴ ጎን ያርፋሉ።

ልብን የሚመረምር አምላክ እኛ ያላመንናትን ነፍስ እሱ አምኖ ይቀበላት፤ ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጆቿም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።

ከቀብር በኋላ ለማጽናናት የምትመጡ ሁሉ ወደ ሟች ቤት ትመጡ ዘንድ ቤተሰቡ ያሳውቃል። አቶ ጉሉማ ዳቢሴ ለቅሶውን እዚያው ቤት ውስጥ፣ በወንድምነት ሊቀመጡ ተስማምተዋል።