ከውሃው ዚር ሥር ያገኘሁት ፎቶ

ይድረስ ለባለቤቴ ለመልካሙ

መልካሜ፣ ከተለየኸኝ አሥር ወር ሆነኝ። የሱዳኗ ገዳሪፍ እንደተውካት ናት፤ ሰሊጥ የጫነው ሎሪ ሁሉ አቧራውን እያለበሰን በበራችን ያልፋል። እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ፤ ንዴቴም አልወጣልኝ አለ።

ከመተማ የመጣውን አጫጅ ሁሉ ፎቶ ስታነሳ ኖረህ ለራስህ ልቅሶ አንድ ፎቶ ጠፋ። መታወቂያህ ላይ ያለችውንም ላብህ አጥፍቷታል። ሴቶቹ ይዘውት የሚያለቅሱት ቢያጡ ኮትህን አነሱት። ባዶውን እጅጌ ሳይ ከማዘኔ ይልቅ አፈርኩ። ላንሳህ ባልኩህ ቁጥር ነገ፣ ነገ ትለኝ ነበር።

የሠራተኛውን ፊት አንስተህ ለአገሩ ትልክለት ነበር። ከዚያ ደግሞ እጁን፣ የተሰነጠቀ ተረከዙን፣ የሰሊጥ ነዶውን ታነሳና አሳጥበህ ለራስህ ታመጣለህ። ፊት የሌለው ፎቶ ምን ይሠራል ብዬ ስነተርክህ፣ «ፊቱንማ ለእናቱ ልከናል፤ ይኼ ለኛ ቤት ነው» አልከኝ። እኔ ግን ልትሰቅል ስትነሳ ሚስማር እንኳ አላቀበልኩህም። አንዱን መደርደሪያ ላይ አነጠፍኩት፣ በሌላው የዱቄት እቃ ከደንኩበት።

አሁን እየለቀምኩ እሰቅላቸዋለሁ። ጎረቤታችን አናጢው ከሳጥን እንጨት ፍሬም ሠርቶልኝ አራት ሆነዋል። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሰው ይኼ የማን እጅ ነው ይለኛል። አንተ ታውቅ ነበር፤ እኔ ጠይቄህ አላውቅም።

አምስተኛውን ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት የውሃውን ዚር፣ ያን የሸክላ ጋን፣ ሳጥብ ነው። የሚንጠባጠበውን ይምጠጥልኝ ብዬ ከሥሩ የጎዘጎዝኩት ራሴ ነኝ። ሰሊጥ ሲያበጥር የሚታየው እጅ የእኔ ነው። ከእጄ በታች፣ ካሜራህን ዓይንህ ላይ እንደያዝክ ጥላህ መሬት ላይ ወድቋል። ኮፍያህ ሳይቀር ይለያል፤ ትከሻህን ግን ውሃው በልቶታል። ያለችኝን አንዲት ምስልህን እኔው አበሰበስኳት። አድርቄ ከአራቱ ጎን ሰቀልኳት። ይኼን ከአንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ሙት ዓመትህ ሁለት ወር ቀረው። ያን ቀን ኮትህን ማንም አይነካውም፤ ያችን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ እኔ እይዛታለሁ። እስካለሁም አንተ ያነሳኸውን ነገር ከዕቃ ሥር አላደርግም፤ አልረሳህም።

እናትህ ግን ከጭልጋ፣ የልጄን ፎቶ ላኪልኝ ብለው በሰው ልከውብኛል። የስንቱን ፊት ለእናቱ ስትልክ ኖረህ፣ እኔ ለእናትህ የምልከው ፊት የለኝም።