እማዬ ካርዱን ይዛ

ኅዳር 4፣ ጠዋት

መብራት ሄዷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እስካሁን ሁለት ጉርድ ፎቶ ብቻ፤ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ልጆች። ለአንደኛዋ ግራጫ ካርዱን ስሰጣት ስሟን ልትጽፍበት እስክሪብቶ አወጣች! ነጠቅኋት። ምን ይጻፍበታል? ባዶ ግራጫ ነው። አገጭሽ ሥር ያዢው፣ አንድ አነሳለሁ፣ ከዚያ ታስቀምጪዋለሽ አልኳት።

ለምን እንደሆነም አስረዳኋት። ደጅ ያለው ዛፍ ሁሉ አረንጓዴውን በመስኮት አልፎ ፊት ላይ ይጥላል። ካሜራ ደግሞ ሞኝ ነው፤ ነጭ ነጠላ ሲያይ ደንግጦ ፊቱን ያጨልማል፣ ጥቁር ኮት ሲያይ ፊቱን አመድ ያስመስላል። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ካርዱ ካለ ግን መመለሻ አለን፤ ካርዱ ትክክለኛ ግራጫ እስኪሆን አስተካክለን ያንኑ ማስተካከያ ለቀሩት ፎቶዎች እንሰጣለን። ያኔ ፊትሽ የራስሽ ፊት ነው። ልጅቷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ሲያበቃ፣ "ግን ትንሽ ቀላ ታደርጊኛለሽ አይደል?" አለች።

እሱን ወንድሜን ጠይቂው አልኳት። መስፍን ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እኔ አነሳለሁ፣ እሱ ያቀላል። በዚህች ከተማ በእሱ እጅ ያልቀላ ሙሽራ የለም። ካርዴን ለጌጥ የገዛሁት ይመስል።

አንቺ ደብተር፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ ከወንድሜ ከመ. ጋር ከሥራ ውጪ አላወራንም። ዛሬ አወራን። ለአርባዋ ባነር ይታተም፣ ሐውልቷም ላይ ፎቶዋ ይለጠፍ አለ። እሺ አልኩ። የትኛው ፎቶ ብዬ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 5

ባነሩን ሠርቶ አሳየኝ።

ፎቶው የፋሲካ ዕለት እኔው ስቱዲዮ ውስጥ ያነሳሁት ነው። እማዬ ጠይም እንኳ አይደለችም፣ ጥቁር ናት። ደካ ተወልዳ፣ ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ስትሸጥ ያረጀች ሴት። መ. ቀይ ዳማ አድርጓታል። የግንባሯ መስመሮች ጠፍተዋል። በግራ ዓይኗ ሥር ያለችው ጠባሳ የለችም። ይቺ ሴትዮ ማን ናት አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወ።

የአባታችን ዘመዶች ከጅማ ይመጣሉ አለኝ፤ አምራ ትታያቸው። ገባኝ። ሰዎቹ እማዬን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ጥቁሯ ነበር የሚሏት። ጥቁሯ መጣች፣ ጥቁሯ ወለደች። አባባ አንድ ቀን እንኳ ተዉ አላላቸውም። አሁን ደግሞ ሞታ ለእነሱ ትቅላላቸው? ደሜ ፈላ። በሩን ላዩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት

አገኘሁት! በካርዱ የሚነሱትን ፎቶዎች መ. ቦታ ያጣብባሉ እያለ ይሰርዛቸዋል። ይሄኛው የእማዬ ግን ካሜራዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

እማዬ ካርዱን በሁለት እጇ አገጯ ሥር ይዛዋለች። ትዝ አለኝ፤ "ውይ አንቺ ልጅ፣ እስረኛ አስመሰልሽኝ እኮ!" ብላ ነው የሳቀችው። የወለቀው ጥርሷ ሳይቀር ይታያል። ነጠላዋ ነጭ፣ ካርዱ ግራጫ፣ እሷ ጥቁር፤ ሁሉም በቦታው። ቀጥሎ ያለው መ. የሠራበት ነው። ካርዱን አስቀምጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ትንፋሿን ውጣ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ካርዱን ይዞ የሚነሳው ፎቶ አይመስለውም፣ ስለዚህ ራሱን ሆኖ ይቆማል። ካርዱን ስቀበለው ፊቱን ይዘጋል።

ብዙ አለቀስኩ። ከቀብሩ ቀን ይበልጥ።

ወስጄ ለመ. አሳየሁት። ቀረብ አድርጎ አየው። ከዚያ እስከዛሬ ያልነገረኝን ነገረኝ። የፋሲካው ሰሞን፣ እኔ ለሠርግ ሥራ ቢታ ገነት ሄጄ ሳለ፣ እማዬ ራሷ ስቱዲዮ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "እንደነዚያ ልጆች አድርገኝ" አለችው። ዓይኗ እያየ አቀላት። ስክሪኑን በጣቷ ዳሰሰችው። ደስ አላት አለኝ። ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ትቆጣለች ብላዋለች።

ትቆጣለች! እኔን ፈርታ።

ኅዳር 7

ሥራ አልገባሁም። ባገኛት የምጠይቃት ነገር አለኝ፣ ግን ማንን ልጠይቅ።

ይኸው ስንት ዓመት ካርዱን ይዤ ለደንበኛ ሁሉ ስሰብክ፣ እናቴ በመልኳ ታፍር ነበር። አላየሁም። የሰውን ፊት ማየት ሥራዬ ነው፣ አላየሁም። እኔም እኮ ጥቁር ነኝ፤ ቁርጥ እሷን። በእኔስ ታፍር ነበር? ሆድ ይፍጀው።

ለመ. ባነሩን አሳትም አልኩት። እሷ ከፈለገችው እኔ ማን ነኝ። ለሐውልቱም ያንኑ ስጥ አልኩት።

ኅዳር 12፣ ማታ

አርባዋ ዛሬ ሆነ። ከቤ/ክ ስንመለስ ባነሩ ድንኳኑ በር ላይ ተሰቅሏል። የጅማዎቹ መጡ። አክስታችን ፊቱ ቆማ፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች ብላ ደረቷን መታች። በሕይወት እያለች አንድ ቀን ምግቧን ሳትጸየፍ ያልበላች ሴትዮ! ጥርሴን ነክሼ ወጥ አቀረብኩላት። መ. ወደ እኔ እንዳያይ ጎንበስ ብሎ ወንበር ያስተካክላል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አየለች ከደካ ደረሱ። የእማዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ገበያም ላይ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸጠዋል። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ለቀብሩ አልደረሱም። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ገና በር ላይ ሊያለቅሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀና ሲሉ ባነሩን አዩ። ቆሙ። ዞር ብለው በቋንቋችን በካፊኖኖ ጠየቁኝ፤ እዚህ ቤት ሌላም ሰው ሞቷል እንዴ?

ማንም አልሳቀም። እሷ ናት አልኳቸው። ተጠግተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ደግመው አዩ። "የለችም" አሉ፣ ይቺን በአማርኛ። ከዚያ ለባነሩ ጀርባቸውን ሰጥተው መሬት ላይ ተቀመጡና ለቅሶውን ጀመሩ። ጥቁሬ! ጥቁሬ! ጥቁሬዋ፣ ብቻዬን ገበያ ልቀመጥ?

ያንን ስም በፍቅር ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የጅማዎቹ አንገታቸውን ደፉ። መ. ድንኳኑን ጥሎ ወጣ።

ሰው ሲቀንስ እትዬ አየለች አጠገብ ተቀመጥኩና በስልኬ የካርዱን ፎቶ አሳየኋቸው። ሳቁ! እንባቸው እየወረደ ሳቁ። አየሻት፣ በኔ ላይ ስትስቅ አሉ። ስልኩን ሳሙት። ያቺን አገጯ ሥር የያዘቻትን ነገር ምንነት አልጠየቁኝም። እማዬን ነው ያዩት።

ኅዳር 14

ሐውልት ሠሪው ጋ ሄድኩ። መ. ባጃጅ ይዞ መጣ። ብቻሽን አትሄጂም አለ፤ ደርሰን ግን አልወርድም ብሎ ባጃጁ ውስጥ ቀረ።

ሰውየው መ. ቀድሞ የሰጠውን ፎቶ አትሞ ጠረጴዛው ላይ አኑሯል። የካርዱን ፎቶ ጎኑ አስቀመጥኩ። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። "እህቴ፣ እናታችሁ የትኛዋ ናቸው?" አለኝ። በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀኝ። ሁለት ሴቶች መስለውት።

ይቺ አልኩት።

ካርዷን ልቁረጣት ወይ አለ። አይ፣ እንዳለች። እንግዲያውስ ስማቸውን እዚያው ላይ ልጻፈው፣ ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስላል አለ። ምንም አይጻፍበት፣ ስሟ ከታች ድንጋዩ ላይ ይሁን አልኩት። ግራ ገባው፣ ግን እሺ አለ። ግራጫውን እንዳይነካብኝ፣ ወደ ቢጫ እንዳይሄድብኝ ደጋግሜ አስጠነቀቅሁት። እብድ ሳልመስለው አልቀርም።

ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። መ. የቱን ሰጠሽው አለኝ። ነገርኩት። ገበያው ጋ ደረስን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እማዬ ትቆጣለች አለ።

ትቆጣ አልኩት። ተቆጥታም ቢሆን እሷ ትሁን።