«እግዜር ይሰጣል» ያልኳት ዕለት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት

ውሃ ደግሞ ጠፍቷል። ቦቴው ይመጣል ብሎ የግቢያችን ዘበኛ ቃሉን ሰጥቶኛል። እኔ በታሸገ ውሃ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ከቤቴ ከኪሊማኒ እስከ ቢሮዬ ዌስትላንድስ ዝናብ ሲጥል መንገዱ መንገድ አይደለም፤ አንድ ማታቱ ታክሲ ፊቴ ተገትሯል፣ መሪው ላይ ተደግፌ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ዛሬ ለለጋሾች የሚላከው ማመልከቻ ይጠበቃል። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፦ ቀኑን ሙሉ «እጥረት አለ፣ አይበቃም፣ ጨምሩ» ብሎ መጻፍ። ጎበዝ ነኝ በሱ። ናርዶስ ፈተና ደርሶባት ቁርስ ላይ አላነጋገረችኝም። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ እናቷን ስታይ ምን እንደሚታያት እንጃ። ባለቤቴ ጁባ ነው፣ የስልክ መስመሩም አይሠራም። ተመስገን ልበል? እሺ፣ ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

አበባ መ/ቤት ድረስ መጣች። ሁርሊንግሃም ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሒሳብ ተቀባይዋ፣ በቤ/ክ ማኅበራችን አብራኝ ያለችው። ሳትደውል መጥታ አታውቅም። የዛሬ ሳምንት ቀዶ ጥገና አላት። ማኅፀኗ ላይ ዕጢ አለ፣ ሐኪሙ ፈጽሞ አይቆይ ብሏል። እዚህ አገር ዘመድ የላትም። እስክትድን ሶልያናን፣ የስድስት ዓመት ልጇን፣ እንድይዝላት ለመነችኝ። ስትለምን ጣቶቿን እንጂ እኔን አታይም።

አይዞሽ፣ እግዜር ይሰጣል አልኳት። አቅፌ ሸኘኋት። ደረጃውን ስወጣ ልቤ ቀሎኝ ነበር። እምነት ያለው ሰው የሚመልሰውን የመለስኩ መስሎኛል።

ረቡዕ፣ ማታ

እራት ላይ ለናርዶስ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች። «ማሚ፣ ሶ... ኖ አልሻት ማለት ነው።»

ኖ አላልኩም፣ እግዜር ይሰጣል ነው ያልኩት አልኩ። ሳቀች። እኛ ቤት እሱ ኖ ማለት ነው አለችኝ። ብስክሌት ስትለምነኝ ያልኳት እሱን ነው። ዌስትላንድስ አደባባይ ላይ መስኮቱን ለምታንኳኳው ሴትም እሱን ብዬ ነው አሉ መስታወቱን የምዘጋው። ይህን ብላኝ መጽሐፏን ይዛ ገባች።

ተናደድኩ። ስድ! ሳህኖቹን እያጋጨሁ አጠብኩ። እኔ የምጾም፣ የማስቀድስ ሰው! አንቺ እንኳ አትታዘቢኝ።

ሐሙስ፣ ቢሮ

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አበባ ስትጠይቀኝ ልቤ ወዲያው እንቢ ብሏል፤ አፌ ነው የእ/ርን ስም ያስቀደመው። ምላሴን በቆረጠው።

ግን ደግሞ፦ ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ። ናርዶስ ፈተና። እኔ ሪፖርት። ልጅቷን ት/ቤት ማን ያደርሳታል? ሶፋው አጭር ነው። ውሃው እንደምታውቂው። ቆይ፣ ይሄንን እየጻፍኩ ነው የገባኝ፤ ለእግዜርም ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። እጥረት አለ፣ አይበቃም።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይላሉ የማኅበራችን ሴቶች። የሚሉት ልጁን የማይወስዱት ናቸው። ጌታዬ፣ አንተ ታበዛለህ፣ አምናለሁ። ለማብዛት ግን መጀመሪያ አንድ ሰው የያዘውን ማቅረብ አለበት። ያ ሰው የግድ እኔ መሆን አለብኝ? ደክሞኛል እኮ።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ከሥራ በፊት ተሳልሜ ልሂድ ብዬ ገባሁ። አበባ አጥሩ ሥር ቆማለች። ፈገግ ብላ ሐኪም ቤት ደውላ ቀጠሮዋን ከገና በኋላ እንዳዞረችው ነገረችኝ። አያስቸኩልም አለች፣ እስከዚያ ሕመሙን በኪኒን ታስታግሰዋለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው። አንጀቴን በላችው።

ልጅቷን እኔ እወስዳለሁ፣ ቀጠሮሽን መልሺ አልኳት። አይ እህቴ፣ ቤትሽ ጠባብ ነው፣ ናርዶስ ፈተና ላይ ናት፣ ሥራሽም አያፈናፍንም አለች። ትናንት የጻፍኩትን ሁሉ ከአፏ ሰማሁት። አፈርኩ። ሐኪም ቤቱ ጋ እኔው ደወልኩ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ «ፖሌ ሳና ማማ» ይሉኛል፣ በጣም ይቅርታ። የይቅርታ አገር ነው ይሄ። ስጨቃጨቅ፣ ስለምን፣ ስቆጣ መጨረሻ ላይ ለዚያው ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሰው ሰርዞ ተገኘ። ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ሰዓቷን አየች። ትየዋ!

እሁድ፣ ከሰዓት

ሶልያና መጣች። ናርዶስ ሳልነግራት አልጋዋን አካፈለቻት። ልጅቷ ድምጿ አይሰማም። ምግብ ስጨምርላት ጠገብኩ ትላለች፤ ዓይኗ ግን ሳህኑ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ይሉኝታ! ማን አስተማራት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ማታ

አበባ በሰላም ወጣች። ድምጿን በስልክ ሰማሁ፣ ቀጥኗል። ተመስገን። ይኼኛው ከልቤ ነው።

ዕጢው ግን ለምርመራ ተልኳል። ሐኪሙ ማገገሙ ረጅም ነው፣ ሌላ ሕክምናም ሊኖር ይችላል ይላል። ከገና ያልፋል። እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ባለቤቴ ከጁባ ደወለ፣ ዛሬ ደግሞ መስመሩ ጥርት ብሏል። እንዴት ነው የምንችለው አለኝ። እንጃ አልኩት። ፈርቻለሁ፣ አንቺን አልዋሽሽም። ተቆጣሁት ደግሞ፣ ምንም ሳያደርግ።

ዞር ስል ሶልያና በሩ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። ከመጣች ጀምሮ አልፈታችውም፤ ጠዋት ጠዋት ፒጃማዋን አጣጥፋ ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። «ቱሞሮ ነው የምሄደው?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ቦርሳውን ተቀበልኳት። የናርዶስ ቁም ሳጥን ሞልቷል። የኔም ሞልቷል። ሁለት መደርደሪያ ልብሴን አወጣሁና የሷን አስገባሁ፤ ካልሲዎቿን እሷው እያቀበለችኝ። የኔ አልጋው ላይ ተከምሯል። የት እንደማደርገው አላውቅም።