የግብር ጸሐፊዎች ማኅበር ገባሁ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ካሳነሽ፤ ሰላምታዬ ጅማ ድረስ ይድረስዎ። እኛ ኮልፌ ያለነው፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

እልል ይበሉልኝ! የግብር ወረቀት ጸሐፊዎች ማኅበር ገባሁ። በወር ሁለት ሊሬ መዋጮ በዝቶብኝ ስነጫነጭ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን የአንድ ነጋዴን ስድስት በቅሎ ከወረቀቱ ላይ ሰባት ብዬ አንብቤ ጻፍኩና የጣሊያኑ ሹም «እሰሩት!» አለ። ያን ጊዜ አለቃችን አቶ መኳንንት ማኅበርተኛውን ሁሉ አስከትለው መጡ፤ «የእኛ ሰው ነው፤ እኛ እናርመዋለን» ብለው አስለቀቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ገበያተኛው «ሁለት ጸሐፊ ባንድ ዋጋ!» እያለ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ፊደሌ ስለገዘፈ አይሳቁብኝ፤ ወረቀት ተርፎኝ ነው። ለፋሲካ ሲመጡ ገና ከበሩ ድምፅዎን ያሰሙኝ። በዐይነ ሥጋ መተያየቱን አምላክ ያፍጥንልን።

ታናሽ ወንድምዎ ዱባለ