ስድስተኛዋ ሞላ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ደህና ናት? በፎቶ ብቻ የማውቃት ልጅህስ፣ ጥርስ አበቀለች? ወገብህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ ታድበሰብሳለህ? እኛ በጤና አለን። አባባም ዓይናቸው ደከመ እንጂ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። እማዬን ከቀበርን ወዲህ ግን ሳቁም ልቅሶውም ከሰው ቤት እንደሚሰማ ወሬ ሆኖብኛል። ለአክስታችን ብነግራት ደም አንሶሽ ነው ብላ ቀይ ሥር ታበላኝ ጀመር።

ከጋራዡ ጀርባ ሸራ ለብሳ የቆመችውን መኪና ፈታኋት። ያችኑ፣ አንተ በነዳሃት ቀን የሞተችውን። ባለፈው ወር ሥራ ሲቀዘቅዝ ልፍታት ወይ ብዬ አባባን ብጠይቃቸው፣ እንደ ፈለግሽ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እንደ ሷ ያለ ዟሪ ሞተር ነክቼ አላውቅም። በዚህ ሰፈር ከሳቸው በቀር የነካም የለም። ጎረቤታችን ጎሚስታው ገና ኮፈኑን ስከፍት አይቶ፣ ስትገጥሚው የሚተርፍሽን ብረት ለኔ አስቀምጪልኝ፣ በር ማስደገፊያ አጥቻለሁ አለኝ። ድሮ ቢሆን ስቄ እሰድበው ነበር፤ አሁን መፍታቴን ቀጠልኩ።

ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፤ ውስጡ የሚሽከረከሩት ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች ናቸው። በየማዕዘኑ ጫፍ አንዳንድ የብረት ምላጭ አለ። ከምላጩ ሥር እንደ ቅንድብ የጎበጠች ቀጭን ሞላ ተቀምጣ ምላጩን ከግድግዳው ጋር ታጣብቀዋለች። እሷ ከሌለች ምላጩ ይንቀጫቀጭና ግድግዳውን ይፍቀዋል። ስድስት ማዕዘን፣ ስድስት ምላጭ፣ ስድስት ሞላ። አባባ እንዳስተማሩን የፈታሁትን ሁሉ በተራ በተራው በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ አኖርኩ። የሞላዎቹ ተራ ላይ አንዷ ጉድጓድ ባዶዋን ቀረች።

ወለሉን ጠረግሁ፣ ማግኔት ጎተትኩ፣ ብረቱን ያጠብኩበትን ቤንዚን በጨርቅ አጠለልኩ። የለችም። ከዚያ መሆን የነበረባትን ቦታ በባትሪ አየሁት። ጥቀርሻ ብቻ ነው፤ ሞላ ያረፈበት ምልክት የለም። ከስድስቱ ምላጮች የተሰበረውም የዚያ ማዕዘን ብቻ ነው። ዘይት ያጣ ሞተር ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ነዶ ይጠቁራል፤ የዚህ ግን ዛሬም ዘይት ለብሶ ያበራል።

አባባ ገጥመው በጨረሷት በወሩ ነበር የነዳሃት። በጎሚስታው ገመድ ተጎትተህ ስትገባ፣ ያለ ዘይት ነድተህ አቃጠልካት አሉህ፣ ደንበኛ እየሰማ። መንገድ ላይ አንድ ሊትር ጨምሬያለሁ ብትላቸው፣ ውሸታም አሉህ። ሳምንት ሳይሞላ ሄድክ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፤ ለእማዬ ቀብር እንኳ አልመጣህም። እኔም ያን ቀን ዝም ያልኩት ጠብ ፈርቼ አልነበረም። አላመንኩህም ነበር።

አባባ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንድ ሞላ ጎድሏል አልኳቸው። የትኛው ብለው አልጠየቁም። ከደረት ኪሳቸው የመነጽራቸውን ማኅደር አወጡ፤ ከሥሩ በወረቀት ተጠቅልላ ሞላዋ ነበረች።

«ያን ጊዜ ካርቶኑን ንቄ በጨርቅ ላይ ዘርግቼ ነው የገጠምኩት» አሉ። «ከሄደ በሦስተኛው ቀን ስጠርግ አገኘኋት።»

እማዬ ታውቅ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው።

«አታውቅም። ብታውቅ ታስመልሰው ነበር።»

ሆድ ይፍጀው ብለው ይህን ሁሉ ዓመት ደረታቸው ላይ ይዘዋት ኖሩ። እጮሃለሁ ብዬ ራሴን ጠበቅኩት፤ አልጮህኩም። ሞላዋን ለካሁ፤ ጉብጠቷ ረግቧል፣ አትሆንም አልኳቸው። ግድግዳውንም፣ ምላጮቹንም፣ ሞላዎቹንም አስመጥቼ በአዲስ ቀየርኩ። እጄ ይሠራል፣ ልቤ የለበትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በአራተኛው ሙከራ ተነሣች። ጭሷ ግቢውን ሲያለብሰው አክስታችን ልብሷን ከገመድ ላይ እየለቀመች ረገመችኝ። ጎሚስታው የተረፈ ብረት ሊጠይቅ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። አባባ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው እስኪሞቅ ድረስ አላነሡትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ይህን ስጽፍልህ ግን «አላመንኩህም» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ፤ ፊደሉ የተበላሸው ለዚያ ነው። ይቅር በለኝ።

አባባ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጻፊለት አሉኝ። ይህንን እንኳ ራስዎ ይጻፉት አልኳቸው። ዓይኔ አያይልኝም አሉ። ጋዜጣ ሲሆን ያያል፤ ግን አልተከራከርኳቸውም። ከታች ቦታ ትቼላቸዋለሁ፣ ጻፉም አልጻፉም ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ሞላዋ እዚሁ ፖስታው ውስጥ ናት። የመኪናዋ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ ሊትር ዘይት ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጬልሃለሁ።

አክስታችን ትስምሃለች፤ ወፍሮ ይሆን ወይ እያለች ትጠይቃለች። ጎሚስታው ገመዱን እስከ ዛሬ እንዳልጣለው ንገሪው ብሎኛል። ባለቤትህን እቀፍልኝ። የልጅህን ግንባር ሳምልኝ፤ ከመሬት ብረት የምትለቅም ከሆነች እኔን እንዳወጣችብህ እወቀው።

ከወለል ላይ ስለቅም አይተህ ስም ያወጣህልኝ እህትህ፣
ቡሎን

ከጋራዡ፣ እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን

ዘይት ነበራት።
አባትህ