በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለው መጥረጊያ

ውድ ወንድም ጋሼ አጥናፉ፣

ብደውል ብደውል ስልክህ ዝግ ነው። ስለዚህ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ለገሃር ሱቅህ ድረስ ጎረቤትህ ሙሐሲን ያደርስልኛል፤ አደራ፣ ጨርሰህ ሳታነብ እንዳትቀደው። እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ እንደ ደነገጥኩ አለሁ። ከአንተም ይብሳል፤ አንተ መሀል ላይ ተነስተህ ወጣህ፣ እኔ ግን እስከ መጨረሻው ነበርኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጥረጊያውን ሳይ እኔም ክው ነው ያልኩት። ልጄን ሜቲን የሚያገባት የኒሌሽ እናት ወይዘሮ ሃንሳ ለትውውቅ መጥታ ያንን ረጅም ነገር በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ ስትገባ፣ እኔ ሞኟ የህንድ ምንጣፍ ይሆናል ብዬ ቦታ ሁሉ መርጬለት ነበር። ተፈታ። መጥረጊያ! አዲስ የሣር መጥረጊያ! አንተ ስትነሳ ወንበሩ ወደቀ። "ልጃችንን ለሠራተኝነት ነው እንዴ የምትጠይቁን? አባቷ ቢሞት ሰው የላትም መሰላችሁ?" አልክ። ሜቲ "ጋሼ፣ ማለቴ፣ አንዴ ስማኝ" እያለች ስትከተልህ በሩን ፊቷ ላይ ድርግም አደረግከው። አልፈርድብህም። እንግዳ ጥሎ መውጣት ነውር ባይሆንብኝ እኔም እከተልህ ነበር።

ሃንሳ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ልጇን ታያለች። ኒሌሽ ላብ በላብ ሆኗል። "እትዬ ሸዋዬ፣ ዛሬ እኮ በዓላችን ነው፤ ዳንቴራስ ነው" አለኝ። ከዲዋሊ፣ ማለቴ ከመብራት በዓላቸው ቀደም ብሎ የሚውል፣ ሀብትና ጤና የሚለመንበት ቀን ነው አሉ። ያለው ወርቅ ይገዛል፣ የሌለው ድስትም ቢሆን። መጥረጊያ ግን ሀብታሙም ድሃውም ይገዛል፤ ድህነትን ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው ብለው ያምናሉ። አይረግጡትም። እግራቸው በስህተት ከነካው ይቅርታ ይጠይቁታል። መጥረጊያን! እኔ ሥራ ሲያበሳጨኝ ስንቴ ጥግ እንደወረወርኩት አስበው እንግዲህ።

"እሺ፣ ታዲያ ለሙሽራ ይሰጣል?" አልኳት። መቼም ታውቀኛለህ፣ አልለቅም።

"ለሜቲ አይደለም፣ ለአንቺ ነው" አለችኝ ሃንሳ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ሴት ልጅ፣ የቤት ሲሳይ ናት። እኔ ከቤትሽ ሲሳይ እወስዳለሁ። ቤትሽ ባዶ እንዳይቀር ብዬ አመጣሁ።"

ወንድም ጋሼ፣ የሜቲ አባት ሊካሳ ከሞተ፣ ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ከተበተነ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ማን አለ? ስለ ቬሎው፣ ስለ አዳራሹ ሁሉም ያወራል። ሜቲ ስትሄድ እኔ ከማን ጋር ራት እንደምበላ ያሰበ ሰው የለም፣ አንተም ጭምር። ያሰበችልኝ ልጄን የምትወስደው ሴትዮ ናት! ምን ልደብቅህ፣ እንግዳ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ፀሐይ ስትገባ ደጃፉ ላይ ትንሽ የሸክላ ኩራዝ ለኮሰች። ሞት ያለ ጊዜው ወደ ቤተሰቡ እንዳይመጣ ነው። እኔ አማተብኩ፤ ማርያምን፣ አልሰገድኩም፣ እሷም ስገጂ አላለችኝም። የቤተሰቡን ስም ስትጠይቀኝ የኔንና የሜቲን ነገርኳት። "ያ የተቆጣው ሰውዬስ? ደም ግፊት የለበትም?" አለች።

"አለበት እንጂ!" አልኳት።

ስምህን አስጠናኋት። ከኔም ከሜቲም ይልቅ ላንተ ነው ረዘም አድርጋ የጸለየችው። እንዲያ ሰድበሃት ወጥተህ!

እሑድ በወጉ ሽማግሌ ይልካሉ። ሜቲ ደግሞ "ጋሼ ካልተቀበላቸው ይቅር፣ በቃ" ብላለች። የምሯን ነው፤ ለኒሌሽም ነግራዋለች። ከማክሰኞ ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም። አባቷ ሲሞት "እኔ አለሁልሽ" ያልካት አንተ ነህ፣ ሌላ ማንን ትጥራ?

መጥረጊያው በር ጀርባ ቆሟል፣ ማንም አልነካውም። እሑድ ጠዋት መጀመሪያ የምጠርግበት አንተ የምትገባበትን ደጅ ነው። ካልመጣህ ግን ይዤው ለገሃር ድረስ እመጣልሃለሁ፤ ያኔ ለበረከት እንዳይመስልህ።

ክኒንህን ዋጥ።

ታናሽህ ሸዋአየሁ